ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ የሚውል ማራዘሚያ ገመድ አመራረጥና አጠቃቀም

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የዘወትር እይታ ሆኗል። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች በመስፋፋት ላይ ቢሆኑም በርካታ ባለንብረቶች መኪናቸውን የሚሞሉት ሌሊት፣ በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ይሁንና ሁሉም ሰው መኪናውን ከሶኬት አጠገብ የሚያቆምበት ቦታ የለውም። የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪው ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ገመድ ወደ መኪና ማቆሚያው ያወርዳል፤ ተከራዩ ከሳሎኑ ሶኬት አንሥቶ በበሩ ሥር አሳልፎ ወደ ግቢ ያወጣል፤ አንዳንዱም ሁለት ሦስት ገመድ ቀጣጥሎ እስከ አጥሩ ውጭ ይዘረጋል። በመካከል የሚገኘው ማራዘሚያ ገመድ፣ በተለምዶ ኤክስቴንሽን የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ለቴሌቪዥን ወይም ለስልክ ቻርጀር ተብሎ የተገዛ ነው።

ይህ ጽሑፍ ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም ግድ የሆነበት ተገልጋይ ምን ዓይነቱን መምረጥ እንዳለበትና በምን ጥንቃቄ ሊገለገልበት እንደሚገባ ያብራራል። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን በርካታ የመኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ማራዘሚያ ገመድ መጠቀምን የሚከለክሉ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ቋሚው መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ላለው ጊዜ የሚያገለግል እንጂ ቋሚውን የሚተካ አይደለም። የመኪናው መመሪያ በግልጽ ከከለከለ ደግሞ መመሪያው ይጸናል።

ምጣድ የቻለ ገመድ

ጉዳዩ ሲነሣ በተደጋጋሚ የሚቀርበው ጥያቄ «ይኸው ሶኬት ምጣድ ሲያስጥድ ኖሯል፤ መኪና እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 13 አምፔር፣ ማለትም በ220 ቮልት ከ1.8 እስከ 2.9 ኪሎ ዋት ያህል የሚስብ ነው። በኃይል መጠን ብቻ ሲታይ ምጣዱ ይበልጣል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከጊዜው ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ገመዱም ሶኬቱም ይቀዘቅዛሉ። መኪና ግን ስምንትና አሥር ሰዓት ሳያርፍ፣ በየሌሊቱ ይስባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለብ ብሎ የሚቀር መገናኛ በስምንተኛው ሰዓት ፕላስቲኩን ማለስለስ ሊጀምር ይችላል። ሌላም አለ፤ ምጣድ ሲጣድ ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። ሽታም ጭስም ቢኖር ወዲያው ይታወቃል። መኪና ግን የሚሞላው ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ነው።

በዚህ ላይ በብዙ ቤቶች ለምጣድ ተብሎ ወፍራም ሽቦ ከማከፋፈያው በቀጥታ ይዘረጋል፤ የመኝታ ቤትና የሳሎን ሶኬቶች ግን ከሌሎች ሶኬቶች ጋር አንድ መስመር ይጋራሉ። ስለዚህ ባለሙያ አይቶ የመሬት መስመር ያለው መሆኑን ካረጋገጠ፣ ለመኪና የሚመረጠው የመኝታ ቤቱ ሳይሆን ምጣዱ የሚሰካበት መስመር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አለመጠቀም የግድ ነው።

ሙቀቱ የሚፈጠርበት ቦታ

በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ሽቦውን ያሞቀዋል። ሙቀቱ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በሽቦው ተቃውሞና በሚያልፈው አምፔር። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የሽቦው ተቃውሞ ደግሞ ሽቦው በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ይጨምራል።

በቁጥር ለማየት 20 ሜትር የሚረዝምን ገመድ በ13 አምፔር እንውሰድ። የውስጥ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በገመዱ ላይ ወደ 54 ዋት የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 1.5 ከሆነ 90 ዋት ይደርሳል። ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ባለ 0.75 ገመድ ቢሆን 176 ዋት፣ ማለትም ሦስት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች የሚያወጡት ያህል ሙቀት ይሆናል። ይህ በ20 ሜትር ላይ ተበትኖ አየር ሲያገኝ አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ ሲቀመጥ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። በጥቅል መንኰራኩር የሚሸጡ ማራዘሚያዎች ላይ ሁለት የተለያዩ የዋት መጠኖች የሚጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። አነስተኛው ተጠቅልሎ ሳለ፣ ትልቁ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ የሚፈቀደው ነው። ለመኪና የሚውል ጥቅል ገመድ፣ ርቀቱ አምስት ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ እስከ መጨረሻው ተተርትሮ መዘርጋት አለበት።

ይሁን እንጂ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከገመዱ ወገብ ሳይሆን ከመገናኛዎቹ ነው። የመሰኪያው ጥርስ በሶኬቱ ውስጥ ካልጠበቀ፣ ዝገት ካለበት፣ ወይም ሽቦው በብሎኑ ሥር ከላላ፣ በዚያች ነጥብ ላይ አነስተኛ ተቃውሞ ይፈጠራል። አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢሆን በ13 አምፔር 17 ዋት ያህል ሙቀት ያመጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከማቸው ከባቄላ ፍሬ በማይበልጥ ብረት ላይ ነው። ሙቀቱ ብረቱን ይበልጥ ያላላዋል፤ መላላቱ ተቃውሞውን ያሳድገዋል፤ ያም መልሶ ሙቀቱን ይጨምረዋል።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ የሚጽናናውም እዚህ ላይ ነው። ብሬከር የሚያውቀው የሚያልፈውን አምፔር ብቻ ነው። በላላ መገናኛ ውስጥ የሚያልፈው 13 አምፔር በደህና መገናኛ ውስጥ ከሚያልፈው 13 አምፔር ለብሬከሩ የተለየ አይደለም፤ ስለዚህ ሶኬቱ እየቀለጠ ሳለ ብሬከሩ አይወርድም። በተመሳሳይ ሁኔታ የቤቱ ብሬከር ባለ 20 ወይም ባለ 25 አምፔር ሆኖ ማራዘሚያው 10 አምፔር ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ብሬከሩ በግድግዳው ውስጥ ላለው ሽቦ እንጂ ለማራዘሚያው ጠባቂ አይሆንም።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቻርጀር መሐል ላይ ያለችው ሳጥን የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የምትቆጣጠርና ችግር ሲኖር የምታቋርጥ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን የምትጠብቀው ከእሷ ወዲያ እስከ መኪናው ያለውን ክፍል ነው። ማራዘሚያው የሚውለው ከእሷ ወዲህ፣ በሳጥኗና በግድግዳው መካከል ስለሆነ ከጥበቃው ውጭ ነው።

ገመዱን መምረጥ

የመጀመሪያው መመዘኛ የሽቦው ውፍረት ነው። ለመኪና የሚውል ማራዘሚያ በእያንዳንዱ ሽቦ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር «ባለ 2.5» ተብሎ ሲጠየቅ የሚቀርበው ነው። ርቀቱ ከ25 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ወደ ባለ 4 ከፍ ማለት ይሻላል፤ ከዚያ በላይ በሚርቅ ቦታ ግን ማራዘሚያ መፈለጉን ትቶ ወደ ቋሚ መስመር መሄድ ይገባል። ርዝመቱ ከመኪናው እስከ ሶኬቱ የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ይሁን። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚገዛ 50 ሜትር ገመድ ሰላሳው ሜትር ተጠቅልሎ መቀመጡ አይቀርም።

ሁለተኛው፣ በገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦዎች መኖራቸው ነው፤ በአብዛኛው ቡናማው የኃይሉ፣ ሰማያዊው የኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ደግሞ የመሬት መስመር ነው። በገመዱ ልባስ ላይ 3×2.5 ወይም ይህን የመሰለ ጽሑፍ ታትሞ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የሽቦዎቹ ብዛት፣ ሁለተኛው ውፍረታቸው ነው። በዚህ ረገድ ገዢዎች የሚታለሉበት አንድ ነገር አለ። የሶኬት ጫፉ ሦስት ቀዳዳ ወይም የመሬት መስመር ብረት ያለው ሆኖ ገመዱ ውስጥ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነ ማራዘሚያ በገበያ ይገኛል። ከውጭ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ የመሬት መስመሩ ግን የትም አይደርስም። ጫፉን በብሎን የሚከፈት ከሆነ ከፍቶ ማየት፣ ካልሆነ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ገመድ ለዚህ አገልግሎት አለመግዛት ይመረጣል።

ሦስተኛው የሽቦው ማዕድን ነው። ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆን አለበት። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከላይ ሲታይ መዳብ ይመስላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ተቃውሞው ከፍ ያለ፣ ሲታጠፍም በቀላሉ የሚሰበር ነው። ለመለየት ከጫፉ አንዱን ክር በምላጭ መፋቅ ይበቃል፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከተገኘ አሉሚኒየም ነው። ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚሆነው ደግሞ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ በመሆኑ ችግር የለበትም። ክብደቱም ይናገራል፤ ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው ሁለት ገመዶች በጣም ቀሎ የተገኘው አጠራጣሪ ነው።

ጫፎቹን በተመለከተ አንድ መሰኪያና አንድ ሶኬት ብቻ ያለው ማራዘሚያ ይመረጣል። ዲቫይደር የሚባለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ፣ ባለ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖረውም፣ 16 አምፔር የሚል ቢጻፍበትም፣ ለመኪና አይሆንም። በውስጡ ያሉት የነሐስ ክሮች ቀጫጭን፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ለሰዓታት የሚዘልቅ ጭነት የማይችል ነው። ሁለት ማራዘሚያ መቀጠልም እንዲሁ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ቅጥያ አዲስ የሙቀት ነጥብ ነውና። ከደጅ ለሚውል ገመድ ልባሱ ላስቲክ ሆኖ የሶኬት ጫፉ ክዳን ያለውና ርጭት የሚቋቋም፣ አይፒ 44 የሚል ምልክት ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ባለሙያ በኢንዱስትሪ መሰኪያ፣ ማለትም በሰማያዊው ክብ ባለ 16 አምፔር መሰኪያና ሶኬት፣ ሠርቶ ቢያዘጋጀው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ አጥብቆ ይይዛል፣ ለረጅም ጊዜ ጭነትም የተሠራ ነው።

የቻይና መሰኪያና አዳፕተር

ወደ አገራችን ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ቻርጀራቸው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ ይዞ ይመጣል። መሰኪያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አነስ ያለው ባለ 10 አምፔር ሲሆን ቻርጀሩ 8 አምፔር ይስባል፤ ሰፋ ያለው ባለ 16 አምፔር ሲሆን ቻርጀሩ 13 አምፔር ይስባል። በቤታችን ያሉት ሶኬቶች ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። ክፍተቱን የሚሞላው በየሱቁ የሚሸጠው «ለሁሉም የሚሆን» አዳፕተር ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት በጣም ደካማው ይህ አዳፕተር ነው። ለመንገደኛ ስልክና ላፕቶፕ የተሠራ፣ ብዙ ዓይነት ጥርስ እንዲቀበል ተብሎ ቀዳዳው የላላ፣ አብዛኛውን ጊዜም የመሬት መስመር የሌለው ነው። በዚህ ላይ ከባዱ የቻርጀር ገመድ ወደ ታች እየጎተተው ከሶኬቱ በግማሽ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ለመኪና ቻርጅ ጨርሶ ሊውል አይገባም።

መፍትሔው አዳፕተሩን ሳይሆን ሶኬቱን መቀየር ነው። ባለሙያ በግድግዳው ላይ ወይም በማራዘሚያው ጫፍ ላይ ከቻርጀሩ መሰኪያ ጋር በልኩ የሚገጥም፣ አምፔሩን የሚችል ሶኬት ሊተክል ይችላል። አንዳንድ ባለንብረቶች በተቃራኒው የቻርጀሩን መሰኪያ ቆርጠው ሌላ ይቀጥሉበታል። ይህ አይመከርም፤ በብዙ ቻርጀሮች መሰኪያ ውስጥ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ መሰኪያው ሲቆረጥ ሶኬቱ ሲግል ቻርጀሩን የሚያስቆመው ያ መሣሪያ አብሮ ይጠፋል።

የመሬት መስመር በሌለበት ቤት

በርካታ ነባር ቤቶች የመሬት መስመር፣ ባለሙያዎች ኧርዝ ወይም ግራውንድ የሚሉት፣ የላቸውም። እንዲህ ባለው ቤት ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት ያበራል፤ አልሞላም ይላል። ቻርጀሩ አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

አሳሳቢው ነገር ይህን ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት የሚደረገው ነው። በሶኬቱ ወይም በማራዘሚያው ውስጥ የኒውትራሉን ቀዳዳና የመሬት መስመሩን በአጭር ሽቦ ማገናኘት፣ በአንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ እንደ ቀላል ዘዴ ይቆጠራል። ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ መኪናውም መሙላት ይጀምራል። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመኪናው አካል ከኒውትራሉ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሆነ ማለት ነው። ኒውትራሉ በማከፋፈያው፣ በቆጣሪው ወይም በማራዘሚያው ላይ በአንድ ምክንያት ቢላቀቅ፣ የ220 ቮልቱ ኃይል ተመልሶ በመኪናው ብረት ላይ ይቆማል። ጎማ መሬቱን ስለሚለይ መኪናው ራሱ ምንም ምልክት አያሳይም። ጠዋት በርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍተው ሰው፣ ወይም መኪናውን ተደግፎ የሚጫወተው ልጅ ነው መንገዱን የሚያሟላው። ማራዘሚያ ገመድ ያለበት ቤት ውስጥ ኒውትራል የሚላቀቅበት ዕድል ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ መገናኛዎቹ በዝተዋልና።

ስለዚህ ቻርጀሩ የመሬት መስመር የለም ሲል ትክክለኛው ምላሽ የመሬት መስመር ማስገባት ነው። ብረት ቀብሮ ሽቦ ማሰር ብቻውን በቂ አይደለም፤ አፈሩ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በመሣሪያ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። በዚሁ አጋጣሚ ኤርዝ ሊኬጅ ወይም አር.ሲ.ዲ የሚባለው፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚያቋርጠው ብሬከር ማራዘሚያው በሚነሣበት መስመር ላይ እንዲተከል ማድረግ ይገባል። ለመኪና የሚሆነው ቢያንስ «ኤ» ተብሎ የተለየው ዓይነት ነው። ቻርጀሩ ሳጥን ውስጥ ያለው ጥበቃ የማይደርስበትን ማራዘሚያ የሚሸፍነው ይህ ብሬከር ነው።

አምፔሩን ዝቅ ማድረግ

ያለ ተጨማሪ ወጪ ከሚወሰዱ እርምጃዎች ሁሉ የላቀው የቻርጀሩን አምፔር መቀነስ ነው። ብዙ ቻርጀሮች በሳጥናቸው ላይ በሚገኝ ቁልፍ፣ ሌሎች በመኪናው ማሳያ ወይም በስልክ መተግበሪያ በኩል 6፣ 8፣ 10፣ 13 አምፔር እየተባለ ይመረጥባቸዋል። የማሳያው ቋንቋ ቻይንኛ ብቻ የሆነበት መኪና ያላቸው ባለንብረቶች ከሻጩ ጋር ሆነው ይህን ምርጫ አንድ ጊዜ ፈልገው ቢያስገኙት ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከ13 ወደ 8 አምፔር ሲወረድ በገመዱና በየመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ ሦስተኛ ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን ይወርዳል፤ የሚጠፋው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። ጊዜውም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። በከተማ ውስጥ በቀን 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መካከለኛ መኪና በአብዛኛው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። በ8 አምፔር ለሰባት ሰዓት የተሰካ ቻርጀር ከሶኬት 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ለነገው ጉዞ ይተርፋል። መኪናው በየቀኑ እስከ መቶ በመቶ መሙላት አለበት የሚለው ልማድ ነው ብዙውን ሰው ወደ ከፍተኛው አምፔር የሚገፋው። በተንቀሳቃሽ መልክ የሚሸጡት ባለ 32 አምፔር፣ 7 ኪሎ ዋት የሚስቡ ቻርጀሮች ግን በማንኛውም ማራዘሚያም ሆነ በቤት ሶኬት ሊሰኩ አይገባም፤ የራሳቸው መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ሰዓቱም ይመረጣል። በምሽት፣ ምጣድና ምድጃ በየቤቱ ሲሠራ፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ በቀጭን ገመድ ላይ የሚጠፋው ሲጨመርበት ቻርጀሩ እየቆመ ይነሣል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ማስጀመር ለመኪናውም ለጎረቤትም ይሻላል።

ዝርጋታና ክትትል

ገመዱ በመስኮት ወይም በብረት በር መካከል ተቆንጥጦ፣ በምንጣፍ ሥር ተሸፍኖ፣ ወይም መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተጋድሞ መዋል የለበትም። ከፎቅ የሚወርድ ከሆነ ክብደቱ በመሰኪያው ላይ እንዳይንጠለጠል ከላይ በማይቆርጥ ማሰሪያ ይያዝ። በክረምት ቻርጀሩና ማራዘሚያው የሚገናኙበት ጫፍ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከላይ ተከልሎ፣ ከሥር አየር እያገኘ መቀመጥ አለበት። መገናኛውን በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ቢሆንም ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ከላይ የሚገባውን ዝናብም ይዞ ያስቀረዋል።

አዲስ ገመድ ወይም አዲስ ሶኬት ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ቻርጁ በቀን ብርሃን፣ ሰው ባለበት ቢደረግ ይመረጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና ከሦስት ሰዓት በኋላ የግድግዳውን መሰኪያ፣ የማራዘሚያውን ሁለት ጫፎችና ገመዱን በእጅ ጀርባ መንካት ያስፈልጋል። ለብ ማለት ይጠበቃል። እጅን አሳርፎ ማቆየት የማያስችል ከሆነ ግን ያ መገናኛ ለመኪና አይሆንም። የተጠቆረ ወይም የጠየመ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ሲሰካ «ጭር» የሚል ድምፅ፣ በራሱ እየወጣ የሚላላ መሰኪያ ሁሉ ገመዱን ለመጣል ወይም ሶኬቱን ለመቀየር በቂ ምክንያቶች ናቸው። ፍተሻው በወር አንድ ጊዜ ይደገም። ቻርጁን ለማቋረጥ አስቀድሞ ከመኪናው ወይም ከቻርጀሩ ላይ ማስቆም፣ ከዚያ መሰኪያውን መንቀል ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል፤ ኃይል እየሳበ ሳለ የተነቀለ መሰኪያ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ጥርሱን ይበላዋል።

ጭስ ወይም እሳት ከታየ በመጀመሪያ ከማከፋፈያው ላይ ብሬከሩን ማውረድ፣ ሰዎችን ማራቅና ለእሳት አደጋ መደወል ይገባል፤ በአዲስ አበባ ቁጥሩ 939 ነው። ኃይሉ ሳይቋረጥ በገመድ ላይ ውኃ መርጨት የሚረጨውን ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ወደ ቋሚ መስመር

ማራዘሚያው ከሁለት ከሦስት ወር በላይ ካገለገለ ጊዜያዊ መሆኑ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ከማከፋፈያው በቀጥታ እስከ መኪና ማቆሚያው የሚደርስ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ነው። ለባለ 16 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት የሚዘረጋ መስመር አብዛኛውን ጊዜ አሁን ባለው ቆጣሪ ሊሠራ ይችላል፤ ግድግዳ ላይ ለሚተከል ባለ 32 አምፔር ቻርጀር ግን ቢያንስ ባለ 6 ሽቦ ያስፈልጋል፤ የቆጣሪው አቅምም አስቀድሞ መታየት አለበት። የአቅም ማሳደጊያ ወይም ወደ ባለ ሦስት ፌዝ የመለወጥ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በአቅራቢያ ባለው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ይቀርባል፤ በነፃ የጥሪ መስመር 905 ደውሎ ስለ ሂደቱ መጠየቅም ይቻላል። የውስጥ ዝርጋታውን የሚሠራው ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ባለንብረቱ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከየመስኮቱ የሚወርዱት ገመዶች ሲበዙ ወደ ሕንፃው የሚገባው ዋና መስመር ራሱ ከአቅሙ በላይ ሊሸከም ይችላል፤ ይህን ደግሞ የየቤቱ ብሬከር አያየውም። ስለሆነም የነዋሪዎች ማኅበራት የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውን አባላት መዝግበው፣ የሕንፃውን አጠቃላይ አቅም ለአገልግሎቱ በጽሑፍ አቅርበው ካስጠኑ በኋላ፣ ከየነዋሪው ቆጣሪ ተነሥቶ በቱቦ ውስጥ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወርድ መስመር በጋራ ቢያሠሩ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀንሳል፤ የፍጆታ ክፍያውም በየራሳቸው ቆጣሪ ላይ ይመዘገባል። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ሁሉም በ8 አምፔር እንዲወሰን፣ ሰዓትም ተከፋፍሎ እንዲሞላ ማኅበሩ በውስጥ ደንቡ ሊወስን ይችላል።